የአባቴን ማሽን ሽንፈት ስመኝ

ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን የቀረውን፣ ዩኒክስ በሚባለው አሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራውን የመጨረሻውን ማሽን ለማንሳት የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍተን ገባን። ወጣቶቹ ባለሙያዎች «ይሄ እንኳን ሙዚየም ነው መግባት ያለበት» እየተባባሉ ሲሳሳቁ፣ እኔ የጎኑ መከለያ ሲነሳ የወጣው የሞቀ አቧራና የቀዘቀዘ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የክፍሉ ኃላፊ ነኝና መፈረም ነበረብኝ፤ ፈረምኩ። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና በሐሳብ ሐረር ሄጄ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ቆየሁ።

አባቴ ታደለ ሐረር ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። የዛሬው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒውተሩም አንድ፣ ሠራተኛውም አንድ ነበር። ቁመቱ እኔን የሚያህል ግራጫ ሣጥን በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀን ከሌት ያጓራል፤ ከሱ በተዘረጉ ሽቦዎች ጫፍ ደግሞ ስድስት የመዝገብ ሠራተኞች አረንጓዴ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በሚያሳይ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ሣጥኑ ሙቀት አይችልምና ክፍሉ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዝ ስለነበር፣ አባቴ በጠራራ ፀሐይ ሹራብና ኮት ደርቦ ከከተማዋ በሮች በአንዱ፣ በሸዋ በር ሲያልፍ የሚኒባስ ወያላዎች «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ነው የሚሄዱት?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ኮሌታውን ከፍ አድርጎ፣ ሳይመልስላቸው፣ ግን ቅር ሳይለው ያልፋል።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ሲፈቀድላት ገና ዳዴ የሚለውን ወንድሜን ዮናስን ይዛ ቀድማ ሄደች፤ የአባቴ ዝውውር በጥቂት ወር ውስጥ እንደሚያልቅ ተነግሯት ስለነበር እኔ ትምህርቴን ሳላቋርጥ ከሱ ጋር እንድከተል ተስማሙ። ጥቂቱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። አባቴ በየዓመቱ ማመልከቻ ያስገባል፣ አለቃውም በየዓመቱ «አንተን ከለቀቅን ማሽኑን ለማን እንተዋለን?» ብለው ይመልሱታል። እኔ ክረምት ክረምት እናቴ ጋ እሄድ ነበር፤ እሱ ግን ማሽኑን ጥሎ ከሁለት ቀን በላይ መራቅ አይችልም ነበርና ዮናስ አባቱን በፎቶግራፍ እያወቀው አደገ።

ከኤረር በር ገባ ብሎ አዴ ዘይነባ ከሚባሉ እናት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን እንሞላለን፣ ባልመጣ ቀን እንጠብቃለን፣ አባቴ ራዲዮኑን ከፍቶ ዝም ይላል፤ ከሳምንቱ ሰባት ምሽት ሰባቱን ዝም ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ወደ መስታወቱ ክፍል ይዞኝ ይሄድና፣ አጠገቡ አስቀምጦ ትእዛዞቹን እያስጻፈኝ፣ አንድ ፋይል ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ ለምን ስድስቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ እንደማይጋጩ እየነገረኝ፣ ሌላ ሰው ይሆናል። እጁን ያወናጭፋል፣ ይስቃል፣ ስለ ልጅነቱ ሳይቀር ጣልቃ እያስገባ ያወራኛል። እኔ ደግሞ ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ ቶሎ ቤት እንድንሄድ እመኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

እናቴን የቀማኝ ያ ሣጥን ስለመሰለኝ ጠላሁት። ስለዚህ ሣጥኑ የሚሠራበትን የዩኒክስንና የተፎካካሪዎቹን ጉዳይ የክፍሌ ወንዶች የኳስ ቡድን ውጤት እንደሚከታተሉት ተከታተልኩ። ከተማው ውስጥ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር በገባ ቁጥር ጎል እንደገባ ያህል ደስ ይለኛል። ፈረስ መጋላ አካባቢ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሲከፈት መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። እዚያ አማርኛ ይጻፋል፣ ሥዕል ይታያል፣ በማውስ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሆኖም በሆነ ባልሆነው ቀጥ ይላል፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የጻፍነው ሁሉ ይጠፋል። አባቴ ይህን ስነግረው በንቀት ከንፈሩን ያጣምም ነበር። የሱ ማሽን መብራት ሲጠፋ በባትሪ እየተደገፈ ከዓመት በላይ ሳይጠፋ ቆይቷል። «እሱ መጫወቻ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ ግን የመዝገብ ሠራተኞቹም መጫወቻውን ወደዱት፣ የባለጉዳይን ስም በአማርኛ ያተመ ወረቀት ካዩ በኋላ አባቴን የሚሰማው ጠፋ።

ለአባቴ ምትክ እንዲሆን ረመዳን የሚባል የጁገል፣ በግንብ የታጠረው የአሮጌው ከተማ ልጅ ተቀጥሮ ሁለት ዓመት ሠልጥኖ ነበር። ትሑትና ፈጣን ነበር፤ ትእዛዞቹን ከአባቴ እጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያውቅ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ሸዋ በር ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁትና፣ ንዴት ባለበት ድምፅ፣ ሥራውን የማይችለው ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ በሱ የተነሳ ከእናቴ ተለይቼ እንደምኖርም ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወላሂ እችለዋለሁ» አለኝ። «ጋሽ ታደለ ሁሉን አስተምረውኛል። የማሽኑን ዋና የይለፍ ቃል ብቻ አልሰጡኝም። ያለሱ ደግሞ ከማሽኑ ውጪ ነኝ። አለቃ ሲጠይቁኝ ‹ገና ነኝ› እላለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እሳቸውን እንዴት አሳጣለሁ?»

አባቴን የያዘው ማሽኑ አልነበረም፤ ማሽኑን የያዘው አባቴ ነበር። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሱ ያሉ ብዙ ባለሙያዎች አሉ፤ ሐረር ላይ ግን አንድ ነበር። ይህ ዛሬ ይገባኛል። ያን ዕለት ግን ቤት ገብቼ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር፤ በማግስቱም አዲስ አበባ ለሚሄድ ጎረቤት ሰጠሁት።

መልሷ መጣ። ስለ ፈተናዬ ጠየቀችኝ፣ ሹራብ ላከችልኝ። በየደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ የማይቀረው «መቼ ነው የምትመጡት?» ግን አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም አልጻፈችውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ረመዳን ከድሬዳዋ ያገኘውን ሲዲ ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሲያሳየው አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ትእዛዞቹ የሱው ነበሩ፣ አንድ በአንድ።

«ያው የእርስዎ ነው ጋሽ ታደለ» አለ ረመዳን። «ክፍያ ብቻ አይጠይቅም። ከዊንዶውሱ ጋር እንኳ ይግባባል። እናሳያቸው፣ ኢንሻአላህ ይቀበሉናል።»

«ሲበላሽ ለማን ነው የምደውለው?»

«ለእኔ ይደውሉልኛ!»

አባቴ ፈገግ ብሎ ሲዲውን መለሰለት። ፊርማና ማኅተም ያለው፣ ውጪ አገር ሆኖ ኃላፊነት የሚወስድ ኩባንያ የሌለው ነገር ለሱ ሥርዓት አልነበረም። ዓለም ግን ያን ጊዜ ወደ ሌላ መንገድ ታጥፎ ነበር፤ ጠረጴዛውን ዊንዶውስ፣ የጓዳውን ከባድ ሥራ ደግሞ ያ በነጻ የሚታደለው ሲዲ እየተካፈሉት፣ ውድ የሆኑት ዩኒክሶች ቦታቸው በየዓመቱ ይጠብ ነበር። የአባቴን ማሽን የሠራው ኩባንያም በቃኝ ብሎ ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ መላክ አቆመ። አንድ ሰኞ ማሽኑ በክብር ተዘጋ፤ አባቴ ራሱ ነው ያጠፋው። በዚያው ወር ስድስት ዓመት እምቢ የተባለው ዝውውር ማንም ሳይጠይቅ ተፈቀደ። የተመኘሁት ሁሉ ሆነልኝ፤ አዴ ዘይነባ ሲሸኙን እያለቀሱ እኔ እስቅ ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ ዮናስ በሩን ከፈተና አባቴን እጅ ነስቶ «ይግቡ» አለው። እናቴ ጥሩ ምሳ ሠርታ ነበር፤ እንግዳ በሚበላበት ሰሀን አቀረበችለት፣ ውሃ አስታጠበችው፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችው። አልተጣሉም፤ ያን ቀንም ከዚያ በኋላም አንድ ክፉ ቃል ሲለዋወጡ አልሰማሁም። ዋናው መሥሪያ ቤት አባቴን ንብረት ክፍል መደበው፣ ጡረታም ከዚያው ወጣ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ እኔ በሱ ሙያ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ ከራርሜ፣ ሁለታችን ብቻችንን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ «እናትሽ ማሽኔ ተሸንፎ ባዶ እጄን ስመጣ ናቀችኝ» አለኝ። «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጥሩ ማሽን ነበር። በምን ተሸነፍን?»

ያን ጊዜ ስለ ይለፍ ቃሉና ስለ ደብዳቤዬ ልነግረው እችል ነበር። ይልቅ ስለ ፈቃድ ክፍያው ውድነት፣ ስለ ርካሽ ኮምፒውተሮች፣ ስለዚያ በነጻ ስለሚታደለው ሲዲ አስረዳሁት። እሱም በጥሞና እየሰማ፣ ቀለል እያለው፣ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እናቴ ሳትነግረው፣ እኔም ሳልነግረው፣ ከዚያ ቀን በኋላም ሰባት ዓመት አብረን በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን፤ የተናቀው በማሽኑ ሽንፈት እንደሆነ እያመነ ሞተ።