የኮምፒውተሩን ቀን የነካሁት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ነኛ!

አምቦ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ሰው ሁሉ አዴ ዘነበች ይለኛል። የበሽተኛውን ቀጠሮ የምንይዝበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ያረጀ ነው፣ አመሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ በሽተኛው ግራ እንዳይገባው ብዬ ኮምፒውተሩን ራሱን በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ወር በገባ ቁጥርም አስተካክለዋለሁ። ማሽኑ እምቢ ሲል ሐኪሙም ሥራ አስኪያጁም «አዴን ጥሯት» ይላሉ። ያቺ ቃል እንዴት ትጥመኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ጫልቱ መጣች። የካቺሲ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ተምራ ለሙከራ ጊዜ የተቀጠረች። አዲስ ፕሮግራም ጫነች። ይኼኛው የፈረንጁን ቀን ራሱ ወደ እኛ ይመልሳል። «አዴ፣ ከእንግዲህ የኮምፒውተሩ ቀን በፈረንጅ ይሁን፤ ከተነካ ቀጠሮው ሁሉ ይበላሻል» አለችኝ በትሕትና። አዲሱ ከሠራ ቋሚ እንደምትሆን፣ ካልሠራ እንደምትሰናበት ሥራ አስኪያጁ የነገራት እኔው ፊት ነው።

እንግዲህ ሁሉን አውቃለሁ ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ በሩን ዘጋሁና ቀኑን ወደ እኛ መለስኩት። እኔ ነኝ የመለስኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው ልበል? የትኛው ልማድ ነው በር ዘግቶ የሚሠራ?

ፕሮግራሙ የእኛን ዓመት የፈረንጅ መስሎት እንደገና ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆጠረ። የዕለቱ ቀጠሮዎች ድራሻቸው ጠፋ። አንድ ሰውዬ የታመሙ እናታቸውን ከወንጪ በፈረስ አምጥተው «ዛሬ ኑ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም ወይ?» ብለው ጮሁ፤ አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያቃስታሉ። ጫልቱ ላብ በላብ ሆና ሮጣ ስትመጣ ቀኑን አስተካክዬ ጠበቅኳት። አየችው፣ ትክክል ነው። ዞር ስትል መልሼ አበላሸሁት። ደግሜ ደጋግሜ አደረግኩት። ሴትዮዋ ሲያቃስቱ እየሰማሁ!

ሥራ አስኪያጁ «ድሮም የሚሠራ ነገር አይነካም» አለና አሮጌው ተመለሰ። ጫልቱ ተሰናበተች፣ እኔ ተመሰገንኩ።

የወጣች ዕለት ካርድ ክፍል መጥታ «አዴ፣ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?» አለችኝ። የምር ልትማር ነው የጠየቀችኝ። «ችኩል ነሽ ልጄ፣ ይኼ ሥራ ላንቺ አይሆንም» አልኳት። ልጄ አልኳት። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ?

አሁን ሰዎች ሲያሞግሱኝ ያናድዱኛል። አሮጌውን የሙጥኝ ብዬ ስለኖርኩ ጠንቃቃ ነሽ ይሉኛል። የምን ጥንቃቄ ነው! አዲሱ ፕሮግራም ደህና መሆኑን ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። የፈራሁት ስለሚበላሽ አይደለም፤ ስለሚሠራ ነው። ያለ እኔ መሥራት የሚችል ክሊኒክ ነው ያስፈራኝ። ለዚህ ብዬ የሰው ልጅ እንጀራ ቀማሁ።

በቅርቡ ጉደር ገበያ ወርጄ አንድ ጨርቅ ቤት ገባሁ። ሻጯ ጫልቱ ናት። «አካም ጅርቱ፣ አዴ!» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «ኮምፒውተሩንስ?» አልኳት።

«ኤዲያ፣ ተውኩት። ለእኔ አይሆንም» አለች እየሳቀች። «እርስዎ እንኳ ያኔውኑ ነግረውኝ ነበር፤ ሌሎቹ ሸነገሉኝ እንጂ። እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አመሰገነችኝ እኮ! እኔም ምስጋናዋን ተቀብዬ፣ ሻሽ ገዝቼ፣ ደህና ዋይ ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ እግዜር ይቅር ይበልሽ አትበሉኝ። ያለፈ ነገር ነውም አትበሉኝ፣ አላለፈም። ልጅቷ ዛሬም ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። ጉደር አፍንጫዬ ሥር ናት። እስካሁን ሄጄ አልነገርኳትም።