የወንድሜ የግራ ትከሻ

ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስመለስ አውቶቡሳችን ሲሬ ላይ ቆመ። ጎማ አልፈነዳም፤ ፍተሻም አልነበረም። ከፊታችን የሠርግ መኪኖች መንገዱን ዘግተው የሙሽራው ጓደኞች አስፋልቱ ላይ ወርደው ይጨፍሩ ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባውን ደጋግሞ ነፋና ተስፋ ቆርጦ ሞተሩን አጠፋ።

"በሉ እንግዲህ፣ ሸንኮራ የሚበላ ይውረድ" አለ ረዳቱ።

ሰው እየሳቀ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም፤ ሠርግ ማየት አልወድም። የሚጨፍሩት ገና ጢማቸው ያላበቀለ ልጆች ነበሩ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ይመታሉ። ይህን ጭፈራ እኛ አገር ዲቺሳ ይሉታል። የወንዶች የሠርግ ጭፈራ ነው፤ ሥራው ሁሉ የእግር ነው። ድሮ ዱላ ይያዝ ነበር። እነዚህ ዱላ አልያዙም፤ አንዳንዶቹ በስልካቸው ራሳቸውን ይቀርጻሉ።

መሐል ላይ ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ልጅ ነበር። እግሩ መሬት ከነካ በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ የግራ ትከሻው ብቻ ብድግ ብሎ ወረደ። የተሳሳተ መሰለኝ። ደግሞ አደረገው። ከዚያ ከጎኑ ያለው አደረገው። ከዚያም የወዲያኛው።

ያን ትከሻ አውቀዋለሁ። የወንድሜ ነው። ወንድሜ ከሞተ ግን ብዙ ክረምት አልፏል፤ እነዚህ ልጆች ያኔ አፈር የሚያቦኩ ሕፃናት ነበሩ።

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። ከቤታችን ልጀምር።

ያደግነው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው። እናትና አባቴ ከጎጃም የመጡ ናቸው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናታችን ገበያ በርበሬ እየሸጠች አሳደገችን። ገበያ ላይ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ቤት ስትገባ በጎጃም አማርኛ ትቆጣናለች። ጭፈራም እንደዚያው ነበር። በቤታችን የሚጨፈረው በትከሻ ነው፤ በደጃችን በእግር። እኔ በሁለቱም አልሆነልኝም። አጨበጭባለሁ። ማጨብጨብም ቢሆን እየቀደምኩ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ግን ከሰፈሩ ልጆች ጋር እግሩን እየመታ ነው ያደገው። ጓደኞቹ ይቤ ይሉታል። አንድ ቀን ሠርግ ላይ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ዲቺሳው ሲግል ትከሻው አመለጠው። ቀኝ እጁ ዱላውን ስለያዘ የግራው ብቻ ነው የተነሣው፤ እኛ እንደዚያ ነበር የመሰለን። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ይቤ፣ ትከሻህን ምን ነከሰህ?" አለው ገመቹ፣ የልብ ጓደኛው።

"ምን ላድርግ? እግሬ ይታዘዘኛል፤ ትከሻዬ ግን ፈቃድ አይጠይቀኝም" አለ ወንድሜ።

ከዚያ ወዲህ ሊደብቀው ሞከረ፤ አልተደበቀለትም። ቆይቶ መደበቁን ተወው። እያደር የሰፈሩ ልጆች ለቀልድ ይቀዱት ጀመር። ከዚያ ቀልድነቱ ቀረና እንደዚያው መጨፈር ሆነ። እኔንም ሊያስተምረኝ ብዙ ደክሟል። ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ያቆመኝና "ቆይ፣ እግርህ ይረፍ" ይለኛል። "እግርህ ሳያርፍ ትከሻህን አታንሣ። ምን አስቸኮለህ?" እኔ እንጃ ምን እንዳስቸኮለኝ።

ሲያድግ የሚኒባስ ረዳት ሆነ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሲሬ፣ ሲሬ!" ሲል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ኑኑ ቁምባ ሲጠራ ይውላል። በየከተማው ወዳጅ ነበረው። በየወዳጁ ሠርግ ላይ ከሰልፉ መሐል ይቆማል።

በሐምሌ፣ በኑኑ ቁምባ መንገድ ላይ፣ ዝናብ ባራሰው መታጠፊያ መኪናው ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ።

ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ሰው ደረቱን ሲመታ እኔ ቆሜ አያለሁ። ሰውነቴ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለኝ። ሳህን ስይዝ ከእጄ ይወድቃል። ደረጃ ስወጣ እግሬን አይቼ ነው የማነሣው። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት እዘገያለሁ። እናቴም ጥቁሯን ለብሳ በርበሬዋ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ለየብቻችን ነበርን።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት ገመቹ መጣ። እናቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ሃርሜ ነው የሚላት፤ እናቴ ማለቱ ነው።

"አካም ኦልታን፣ ሃርሜ?"

"ደህና ነኝ፣ ገሜ። ግባ እንጂ፤ በር ላይ እንደ እንግዳ አትቁምብኝ።"

ገብቶ ተቀመጠ። "ሠርጌ በጥር ነው" አለ።

"ሰማሁ፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን አልመጣም፤ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። እርስዎን ልወስድ አይደለም የመጣሁት። ሙሉቀንን ይስጡኝ። ይቤ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ማቆም አልቻልኩም፤ ልጆቹም እምቢ አሉ። ባዶ ብንተወው ደግሞ ሰልፉ አይያያዝም።"

እናቴ አየችኝ። "ይሄን? ይሄ እኮ ሲራመድም ይደናቀፋል።"

ገመቹ ሳቅ አለ፤ ወዲያው አፈረና አቀረቀረ።

"ዓመቱ ሳይዞር?" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "ወንድሙን ቀብሮ ዓመት ሳይሞላው ሠርግ ላይ ሲዘል ቢታይ ምን ይባላል?"

እኔ መሄድ ፈልጌ ነበር። ጭፈራው አምሮኝ አይደለም። ያ ቦታ በሌላ ሰው ከተያዘ፣ በሚቀጥለው ሠርግ ወንድሜ እዚያ ይቆም እንደነበር የሚያስታውስ እንደማይኖር ስለገባኝ ነው። ይህን መናገር ግን አልቻልኩም። ተነሥቼ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የወንድሜን ዱላ አወረድኩና ይዤው ቆምኩ። መያዣው ከእጁ ንክኪ ብዛት ለስልሷል።

እናቴ ዱላውን ብዙ አየችው። "ይሂድ" አለች። "ግን አይጨፍር። ዱላውን ይዞ ይቁምልህ። መቆም ብቻ።"

የሠርጉ ለት በጠዋት ሙሽሪትን ልናመጣ ወደ ኑኑ ቁምባ ተነሣን። የጥር አቧራ ቀይ ነው፤ በተዘጋ መስኮትም ይገባል። ኑጉ ታጭዶ ማሳው ባዶውን ቀርቷል። ልጆቹ ቆሎ እየተቀባበሉ ይሳሳቁ ነበር። የገመቹ እናት ጸሎተኛ ናቸው፤ ዘፈን ቤታቸው አይገባም። ልጆቹ ከግቢያቸው ከወጡ በኋላ "ከአጥሬ ውጭ ያደረጋችሁትን አላየሁም" እያሉ የእሳቸውን ድምፅ አስመስለው ይቀልዱ ነበር። ያ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን የቆሎው ድምፅ እንኳ ቆመ። ገመቹ ከኋላ እጁን ማጅራቴ ላይ አሳረፈ፤ መታጠፊያው እስኪያልፍ አላነሣውም።

ሙሽሪት ቤት ስንደርስ፣ እንደ ልማዱ፣ ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው አናስገባም አሉ።

"የነቀምቴ ልጆች፣ ባጃጅ ለምዳችሁ እግር ጠፋባችሁ እንዴ?" አለች አንዷ።

ሰልፉ ተሰለፈ። እኔን መሐል አቆሙኝ። ጭፈራው ሲጀመር ዱላውን ይዤ፣ እንደታዘዝኩት፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ዲቺሳ ውስጥ ግን ቆሞ መቅረት አይቻልም። እናቴ የጎጃም ሴት ናት፤ ይህን አላወቀችም። እኔም ዳር ቆሜ ከማጨብጨብ በቀር ስላልገባሁበት አላወቅሁም። ሰልፉ የተጣበቀ ነው። የቀኙ ሰው ሲወርድ ትከሻህን ይዞህ ይወርዳል፤ የግራው ሲነሣ ያነሣሃል። አንድ ሰው ከደረቀ ሁሉም ይጋጫል። ከግራም ከቀኝም ይገጩኝ ጀመር። ዜማው ተሰባበረ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

"ሙሉ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ!" አለኝ አንዱ እያለከለከ።

መውጣት አልፈለግሁም። ከወጣሁ ቦታው ይዘጋል።

ጉልበቴን ያጠፍኩት እኔ ነኝ ማለት አልችልም። ሰልፉ ነው ያጠፈው። አንዴ ወረድኩ፣ ተነሣሁ፣ ወረድኩ። እግሬ መሬቱን ሲመታ ንዝረቱ እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ከሐምሌ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። የራሴ እግር ነው። ያማል። ከዚያ ትከሻዬ ተነሣ፤ የግራው፤ ያውም ቸኩሎ፣ እግሬ ሳያርፍ።

"ያኛውን ደግሞ ምን ነከሰው?" አለች ያችው ልጅ።

ሙሽራ አይጨፍርም፤ ኮራ ብሎ ይቆማል እንጂ። ገመቹ ግን በሙሉ ልብሱ ሰልፉ ውስጥ ገባ። እግሩን መታ፤ ቆየ፤ የግራ ትከሻውን አነሣ። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ተከተለው። የዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አቧራና ላብ ስለነበር ማንም ልብ አላለም፤ ወይም ልብ ብለው ዝም አሉኝ። በኋላ በቅቤ የራሰ አንጮቴ፣ ያ የአገራችን ሥራ ሥር፣ ሲቀርብልን እንደ ተራበ ሰው በላሁ። ሳህኑም ከእጄ አልወደቀም።

በማግስቱ ቤት ስገባ እናቴ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ቀና ብላ ሱሪዬን አየች። እስከ ጉልበቱ ቀይ ነው።

"ጨፈርክ" አለች።

"ሰልፉ እምቢ አለኝ፣ እማዬ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። በርበሬውን ከጭኗ ላይ አራገፈች። "እንዴት አድርገህ?"

"እንደ ይቤ።"

"አሳየኝ።"

እዚያው የቤቱ ወለል ላይ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

"አይደለም። ትቸኩላለህ። እሱ ይቆይ ነበር።" ከተቀመጠችበት ሳትነሣ እግሯን መሬት ላይ ጣል አደረገች። ቆየች። በጥቁር ነጠላዋ ሥር የግራ ትከሻዋ ብድግ ብሎ ወረደ።

እሱ ራሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ዱላው አይደለም እንዴ?" አልኳት። "ቀኝ እጁ ዱላ ስለሚይዝ..."

"የምን ዱላ? ልጅ ሳለ እንቅልፍ እምቢ ይለው ነበር። በግራ ትከሻዬ አቅፌው እንዲህ ሳደርግለት ነው የሚተኛው። እግሬን አሳርፋለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ አነሣዋለሁ።" ደግማ አደረገችው። ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ፤ ሳይጨርስ ወደ ልቅሶ ዞረ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በርበሬው ዓይናችንን እያቃጠለን አብረን አለቀስን።

እናቴም ካቻምና አለፈች። ገመቹ ለሥራ ሩቅ ሄዷል፤ አልፎ አልፎ ይደውላል። እኔ ባኬ ጃማ በዚያው ቤት ብቻዬን እኖራለሁ፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ነው ሲሬ ላይ ያን ትከሻ ሳይ ዞር ብዬ የምነግረው ሰው የፈለግሁት። አጠገቤ የቆመው ሽማግሌ ሸንኮራ ያኝካል።

ልጆቹ ሲያርፉ ወደ ቢጫ ሸሚዙ ልጅ ሄድኩ።

"ይሄን ትከሻ ማን አሳየህ?"

"የቱን?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማድረጉንም አላወቀም።

ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እግሬን መታሁ፤ ትከሻዬን አነሣሁ።

ልጁ ሳቀ። በክፋት አይደለም። "እሱን ነው እንዴ? እዚህ እኮ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጨፍረው፤ የሲሬ ነው። አንተ ግን ቸኮልክ፣ ወንድሜ። ቆይ፣ እግርህ ይረፍ።"

"ይበልጣል ነው ስሙ" አልኩት።

"የማን?"

አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ "ነቀምቴ፣ ነቀምቴ!" ይላል። ልጁንም ጓደኞቹ ጠሩት፤ እጁን አውለብልቦልኝ ሮጠ። ተሳፈርኩ። የእናቴን ትከሻ፣ የወንድሜን ትከሻ፣ የሲሬ ብሎ ሸኘኝ። መጀመሪያ ከፋኝ። አልዋሽም፣ የመንገዱን ግማሽ ያህል እንደከፋኝ ሄድኩ። በኋላ አሰብኩት። ወንድሜ ሲሬን ሲጠራ ነው የኖረው። እንግዲህ ሲሬ ትከሻውን ካስቀመጠለት፣ ስሙን ባያውቅስ?

እንዲህ አሰብኩ እንጂ ብቸኝነቱ አልቀነሰልኝም።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ቦርሳዬን ደፉ ላይ አኑሬ፣ ሳልገባ፣ ማንጎው ሥር ቆምኩ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም። እግሬን መታሁ። አረፈ።

ቆየሁ።