ለሰመጠው መርከብ ሰላምታ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ከጅቡቲ የመጣ የዓሣ ሳጥን ሲከፈት የባህሩ ሽታ መጣብኝ፤ ወዲያው ልጅ ሆንኩ።

ጅቡቲ፣ አጎቴ ጀልባ ላይ ነኝ፣ ከእናቴ ጋር። ጀልባውን የተከራዩት ባህሩ ወለል ላይ የሰመጠ የጥንት መርከብ የሚቆፍሩ ባለሙያዎች ናቸው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የመርከቡ እንጨት እንደ ጎድን አጥንት ተደርድሮ ይታየኛል። ጠላቂዎቹ ጭንብላቸውን አጥልቀው ሊዘሉ ሲሉ እናቴ ብድግ አለች።

«ቆይ! ሰላም ሳይሉ ነው እንዴ የሚገቡት?»

«ማንን ሰላም ይበሉ?» አልኳት።

«ባለቤቶቹን ነዋ! ሰው አልቆበታል እኮ። መቃብራቸው ይኼው ነው።»

አጎቴ ሞተሩን አጥፍቶ ለእንግዶቹ አስረዳቸው። እናቴ፣ የድሬዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ «አሰላሙ አለይኩም» አለች፤ ለሙታኑም ፋቲሃ ቀራች። ጠላቂዎቹ በሙሉ ጭንብላቸውን አውልቀው ጠበቋት። መልስ ለማይሰጥ ሰው ሰላምታው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለዓለም መናገር አማረኝ።

ዛሬ ዓሣዬን ይዤ ስመለስ በከተማው የመቃብር ስፍራ ደጅ አለፍኩ። ቆም ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም አልኩ። ከባለቤቶቹ አንዷ አሁን እናቴ ናት።