የሱቁ ደጃፍ ወዴት ያዘነብላል

ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ጁባ መንገድ በመንገድ ስትሆን የእኔ ሥራ ዘንግ መያዝ ነበር። ቀያሹ፣ የአገሬ ልጅ ነው፣ በባለሦስት እግሩ መነጽር ያያል፤ እኔ ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ይዤ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ለመቆም ብዙ ትምህርት አይጠየቅም።

ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የጎርፍ ቦይ ልናወጣ ስንለካ አንድ የእኛው ሰው፣ ሁላችንም ሀጂ የምንለው ጅምላ ነጋዴ፣ ከሱቁ ወጣ። ባለፈው ዝናብ ጎርፍ ገብቶ ስኳሩን አሟሙቶበታል። ዘንድሮም ሱቁ እስከ ጣሪያው ስኳርና ዱቄት ነው። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጃፉ ላይ መሬቱ ወደ ሱቁ ነው ወይስ ወደ መንገዱ የሚያዘነብለው? ወደ ሱቁ ከሆነ ዝናቡ ሳይመጣ የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ከፍ ማድረግ አለበት።

«እዚሁ በሬ ላይ ለካልኝ ልጄ፤ የጎረቤቴን ደጅ ምን ላደርገው ነው?» አለው ቀያሹን።

ቀያሹ እሺ አለ። አንዴ ደፉ ሥር፣ አንዴ አንድ እርምጃ ወጣ ብዬ ቆምኩ። ወደ መንገዱ ነው ተባለ። ሀጂ ኻላስ፣ አለቀ ብሎ ሊገባ ሲል ቀያሹ አስደገመኝ። አሁን ደግሞ ወደ ሱቁ ሆነ። ሀጂ ይሄ የሆነው በደንብ ስላልቀረባችሁ ነው ብሎ ተከራከረና ርቀቱን ስንዝር አደረግነው። ቁጥሩ ጭራሽ አበደ።

«ሀጂ፣ በስንዝር ውስጥ መሬቱ የሚወርደው ከጠጠር ያነሰ ነው። የአባባ ዘንግ ጠጠር ላይ ሲቆም እኛ የምንለካው ጠጠሩን ነው» አለ ቀያሹ፤ አባባ የሚለኝ በዕድሜዬ ነው።

«እንግዲያው ሂድና ስለ እኔ ጎረቤቶቼን ጠይቅ» አለ ሀጂ። ሳቀ፤ የተናደደ ሰው ሳቅ ነው።

ቀያሹ እንዳለው አደረገ። በሩን መሃል አድርገን ዙሪያውን ለካን፤ መንገዱ ላይ፣ በጎረቤቶቹ ደጅ፣ በጓሮ በኩል። መጀመሪያ እስከ ዋናው መንገድ ርቀን ነበር፤ እዚያ ግን መሬቱ በማሽን ተቆርጧል፣ ስለዚህኛው አይመሰክርም ብሎ ተወው። መሬቱ ሳይቋረጥ ለስለስ ብሎ እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ ዞርን። የአንድ ጠጠር ስህተት በብዙው ውስጥ እንዲጠፋ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቶ አንድ ላይ አሰላቸው። ወደ ሱቁ ነው። ብንደግመውም ያው ወጣ።

ሀጂ መልሱን አልወደደውም። ወደ እኔ ዞሮ አንተ የቆምክበት ምን ይመስልሃል አለኝ። እግሬ ምንም አልነገረኝም አልኩት። ሲሚንቶ የሚያመጣ ሰው ላከ።

ዝናቡ ሲመጣ በዚያ አለፍኩ። ውሃው እስከ አዲሱ ደፍ ደርሶ፣ ጥቂት ተጠራቅሞ፣ ወደ ቦዩ ዞረ። ሀጂ ከውስጥ ለአንዲት ሴት ስኳር እየመዘነላት ነበር።