ያልሸፈንኩት የብር ትሪ

ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴ የልጅ ልጅ ቤዛ ኮተቤ ወዳለው ቤቴ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። በቅርቡ ታገባለች፤ ለቤቷ ዕቃ እየመረጠች ነው።

«አክስቴ፣ እስቲ እይው። አንቲክ ነው፣ በእጅ የተሠራ።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የብር የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የቡና ማንቆርቆሪያ፣ የስኳርና የወተት ዕቃ፣ ሰፊ ትሪ፤ ሁሉም ላይ ጽጌረዳ ከነቅጠሉ ተቀርጿል። ሳቄ መጣ።

«ምነው? አያምርም?»

«ያምራል እንጂ። እኔ እኮ እንዲህ ያለውን በራሴ ላይ ተሸክሜ እንጦጦን ወጥቻለሁ።»

ያኔ ኮተቤ መምህርነት እማር ነበር። ወላጆቼ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። እጁ የማይሰስት፣ የተናገረውን ግን የማያጥፍ ሰው ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ያ ዕቃ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ጠበቀኝ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ሰፊ ደን ያለው የባሕር ዛፍ ነጋዴ ቤተሰብ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል። ልጁን አንዴ ሰርግ ላይ ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ዕቃው ከአያቱ የወረደ ነው፤ እሱን መቀበል ማለት እሺ ማለት ነው። አጎቴ ተቀብሎታል።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አልኩት።

«እኔ መለስኩልሽ አይደል?»

«እንግዲያው እኔም ዕቃውን እመልሰዋለሁ።»

«ይህን ካደረግሽ ወደዚህ ቤት እንዳትመለሺ!»

እውነት ለመናገር ዕቃው አስጎምጅቶኛል። ጣቴን በአበባዎቹ ላይ ሳስኬድ የሠሪው መዶሻ ያረፈበት ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አንዱ ጽጌረዳ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ ፈክቷል፣ ሌላው ገና እንቡጥ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ትሪው ላይ ደርድሬ በገመድ ጠፍሬ ስወጣ የአጎቴ ሚስት ነጠላ ይዛ በሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«ኧረ ሸፍኚው፤ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እንዲያየው ነው» አልኳት። ሸፍኜው ብሄድ፣ ተደብቃ መለሰች፣ ግማሹንም አስቀረች መባሌ አይቀርም ነበር።

እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በአውቶቡስ ሄድኩ። ከዚያ ትሪውን ራሴ ላይ አድርጌ ዳገቱን ተያያዝኩት። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ መንገዱ ተሰነጣጥቋል፤ ፀሐይ የነካው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ብሩ ሲያብረቀርቅ ሴቶች ከየበራቸው ወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ልትሸጪው ነው?» አሉኝ አንዲት እናት።

«ለባለቤቱ ልመልሰው ነው!»

«ምነው?»

«ሳልጠየቅ የታጨሁበት ስለሆነ ነው!» አልኩ፣ ማዶ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቀድሞኝ ዳገቱን ወጣ። ስደርስ የልጁ እናት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ምን ጎደለው ብለሽ ነው?»

«ምንም አልጎደለውም እማማ። ይቁጠሩት።»

አልቆጠሩትም። ትሪውን ከራሴ ላይ አወረዱልኝ። ልጃቸው ከኋላቸው ብቅ አለ፤ ፊቱ ቀልቷል።

«እኔ ተስማምታለች ተብዬ ነው» አለ። «አሁን ራሴ ብጠይቅሽስ?»

«ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። አልፈልግም።»

ቅር አለው፤ ግን ራሱን ነቅንቆ ወደ ጓሮ ሄደ። እናቱ ግን እጄን ያዙኝ። «ግቢ፤ በባዶ ሆድሽ ይህን ዳገት አትወርጂም።» ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። እስክጠግብ በላሁ፤ የሚያሳፍረኝ ነገር አልሠራሁማ! ድንች እየላጡልኝ ሳለ ቀና ሳይሉ፣ «እኔን የጠየቀኝ አልነበረም» አሉ።

አጎቴ እንዳለው አደረገ፤ በሩን ዘጋብኝ። ካራ ሰፈር ከአንዲት ጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር ተጠግቼ፣ ሽሯቸውን እየተካፈልኩ ተምሬ ጨረስኩ። አስተማሪ ሆኜ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት አጎቴ ትንሿን ልጁን፣ የቤዛን እናት፣ ይዞ ክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«አስተምሪልኝ» አለ። «ወደፊት የምትሆነውንም እሷኑ ጠይቂያት።»

ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ቤዛ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ የት ይገኛል? አይቆጭሽም?» አለችኝ።

አይቆጨኝም። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ መመለሱ ምን ይከብድ ነበር? ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያማረ ነገር እጄ ገብቶ አያውቅም። ያንን ትሪ ዛሬም ቢያመጡልኝ፣ በምርኩዝም ቢሆን፣ ያንኑ ዳገት እወጣዋለሁ። ቤዛ ግን ደስ ካላት ትግዛው፤ ሰውየውንም ዕቃውንም የመረጠችው ራሷ ናት።