ደፍ ላይ የቆመው ሰው

የጨቅላዎቹን ክፍል በር የምትጠብቀው ሴት ስንቱን አባት አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። የኮቱ እጅጌ ዘወትር ጠመኔ እንደነካው ነው። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ የጠያቂ ጋውን ይለብሳል፤ ጫማውን በላስቲክ ይሸፍናል። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ ይለዋል። የጥየቃው ሰዓት እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ፣ መስኮቱ ሥር ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ የተኛችውን፣ ጭብጥ የማትሞላ ልጁን ያያል። «አንጀት የለውም» እያለች በሆዷ ታማዋለች።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ደፉን ሊያጠኑት ነው እንዴ?» አለችው አንድ ቀን፣ ልታስቀው።

«ሥራዬኮ እሱ ነው፣ እህቴ» አለ ሳይስቅ።

ያሾፈባት መስሏት ቀና ስትል ዓይኑ ከሳጥኑ አልተነቀለም።

«በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ሲጋጩ ፓዮን የሚባል ሌላ ቅንጣት ይወለዳል። ለመወለድ ያህል ብቻ የሚበቃውን ጉልበት ደፍ እንለዋለን። እኔ የማሰላው እዚያ ደፍ ላይ የሚሆነውን ነው።»

«እዚያ የተወለደውስ ምን ይሆናል?»

«ጉልበቱ በመወለድ ያልቃል። መንቀሳቀሻ አይተርፈውም።»

«ከዚያስ?» ልትል ስትል ዓይኗ መስኮቱ ሥር ወዳለው ሳጥን ሄደ።

ዛሬ ሳጥኑ ባዶ ነው፤ አሁን ታጥቦ ገና አልደረቀም። መርዶውን ጠዋት በስልክ ነግረውታል። ሰውየው ግን እንደ ልማዱ እጁን ታጥቦ፣ ጋውኑን ለብሶ መጣ። «ጋሼ፣ እባክዎ...» ብላ ሳትጨርስ ደፉን ተሻገረ፤ እርጥብ እጁንም እርጥቡ መስታወት ላይ አኖረ።