መጀመሪያ ሰው ይመቸው

በ2017 ዓ.ም. በልግ ነው አጎቴ ያረፉት። ዲላ ውስጥ ለመኪና የባስ ስፒከር ሳጥን ይሠሩ ነበር። ልጄ ፒካፕ መኪናውን ሲወስድላቸው፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ትልቅ ሳጥን እንዲገባ ብሎ ወንበሩን ወደ መሪው አስጠግቶት ነበር።

"እስቲ ጨለለቅቱ ከተማ ድረስ እንደምትነዳ ሆነህ ተቀመጥ" አሉት።

ሲቀመጥ ጉልበቱ መሪውን ነካ።

"በጉልበትህ ልትጠመዝዘው ነው? መጀመሪያ ሰው ይመቸው፤ ለድምፁ የተረፈው ይበቃዋል።"

ለመጣ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነበር። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ከኋላው የተረፈውን ለኩ።

ጣውላውን ቆርጠው ሳይገጣጥሙት እግዚአብሔር ጠራቸው። ልጄ ለሌላ አናጢ አልሰጥም ብሎ የወንበሩን ኋላ ባዶ ተወው። በአርባቸው ዕለት ግን "እማዬ፣ እኔው እገጥመዋለሁ" አለኝ። አምላኬን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የሥራ ቤታቸውን ቁልፍ ከባለቤታቸው ተቀብዬ በሩን ከፈትኩለት።